ሁለተኛው አሜን

ሰው ሁሉ በአንድ ነገር ይኮራል፤ ኢክራም ሰይድ የምትኮራው በአፏ ነበር። ፊደል አልቆጠረችም። እኩዮቿ ቦርሳ አንግተው ትምህርት ቤት ሲጎርፉ እሷ ከእናቷ ጋር ገበያ ተቀምጣ በርበሬ ስትሸጥ አደገች፤ ይህንንም ማንም ሳይጠይቃት ትናገራለች። «የተማራችሁትስ የት ደረሳችሁ?» ትላለች አሮጊቷ፣ አገጯን ቀና አድርጋ። መልስ የሚሰጣት የለም። የተማሩት ኮንትራት ሄደዋል።

ያ አፍ ሲሳደብ ቆዳ ይልጣል። ሲመርቅ ደግሞ ኮምቦልቻም ደሴም ያውቀዋል። ሙሽራ ከቤት የሚወጣው፣ ኮንትራተኛ የሚሳፈረው፣ አዲስ ቤት የሚገባው ኢክራም እጇን ዘርግታ «በል አሜን በል» ካለች በኋላ ነው። ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው «አሜን» ይላል፤ መስጊድ የሚሄደው «አሚን» ይላል፤ ወሎ ነውና በሁለቱም ይደርሳል። ትልቅ ሰው ሲመርቅ ሰምቶ ዝም የሚል ልጅ በዚያ አገር አልተወለደም። ጉርሻ በአፉ ቢሆን ጉርሻውን በጉንጩ ይዞ ይላል። ተጣልቶም ቢሆን ይላል። አንዳንዱማ ተኝቶ ይላል።

ኩባንያው የፈለገው ይህንኑ ነው።

ኩባንያው ከከተማው በታች ያለውን ሜዳ ከያዘ ቆይቷል። ከዚያ የሚነሱት አውሮፕላኖች ክንፋቸው ሰፊ፣ ቀለማቸው እንደ ክረምት ደመና ነው። ሄደው ሄደው፣ አንዱን ባሕር አልፈው፣ ሌላውንም አልፈው፣ የዳርቻ ደሴቶች የሚባል ብርዳም አገር ይደርሳሉ። መንገዱ ከመርዘሙ የተነሳ አየር ላይ ነዳጅ የሚያጠጧቸው አውሮፕላኖች አሉ፤ እነዚያንም የሚያጠጡ ሌሎች አሉ። የሚጣሉት ሁለት ባለጸጋ አገሮች ናቸው። በደሴቶቹ ላይ ሳርና ድንጋይ አለ፤ ከባሕሩ ሥር ያለውን ደግሞ ለኮምቦልቻ ሰው የነገረው የለም። ባለጸጎቹ የራሳቸውን ልጆች አይልኩም። ልጅ የሚያከራይ አገር ሞልቶ ምን በወጣቸው።

የኢክራም የልጅ ልጅ እዚያ አብራሪ ነው። ውብአንተ ይባላል፤ የጥንት ስም ማውጣት ፋሽን በሆነበት ዘመን የተወለደ ነው። አባቱ የኢክራም ልጅ፣ እናቱ ደግሞ የማርያምን ደጅ የማትለቅ ክርስቲያን ነበረች። ሁለቱም ኮንትራት ወጥተው በዚያው ቀሩ፤ ልጁን አያቱ አሳደገችው።

የውብአንተ ሥራ የጠላትን ራዳር ማጥፋት ነው። በዚያ ጦርነት ራዳር ዓይን ነው፤ ዓይኑ የጠፋ መድፍ ሰማይ ቢደፋበትም አያይም። አብራሪዎቹ የሚይዙት ሚሳይል ደግሞ «ድምፅ በል» ይባላል። ራዳሩ ከበራ፣ ወይም ከራዳሩ ምሰሶ አንዲት የሬዲዮ ቃል ከወጣች፣ ራሱ አሽትቶ ይሄዳል። አብራሪው ምንም አይነካም። የደሴቶቹ ሰዎች ይህን ካወቁ ወዲህ አውሮፕላን በመጣ ቁጥር ሁሉን አጥፍተው ጨለማ ውስጥ ይቀመጣሉ። አውሮፕላኑም ነዳጁ እስኪያሳስበው ከላይ ይዞራል። ከታች ዝም፣ ከላይ ዝም። ማንም ካልተናገረ ማንም አይሞትም።

ኮንትራቱ ግን ዝምታ አያውቅም። የደሴቶቹ ራዳሮች አልቀው እስኪጠፉ አብራሪው ይበራል፤ ሲያልቁ ይለቀቃል። ከዚያ በፊት የሚለቀቅ የሞተ ብቻ ነው።

ስለዚህ ዘውገ የሚባለው የኩባንያው ሹም ክራቫቱን አስሮ ቤቷ በመጣ ጊዜ ኢክራም አላቅማማችም።

«እማማ፣ መንገዱ ረጅም ነው» አላት። «ልጆቹ ብቻቸውን ናቸው፤ እንቅልፍ ይጥላቸዋል። በሬዲዮ ያጫውቱልን። እዚያ ሲደርሱ ደግሞ ይመርቁልን።»

«ለምርቃት ነው ይህን ሁሉ ክራቫት የታጠቅከው?»

«ለእርስዎ ክብር ነው እንጂ።»

«ክብርህንስ ጫማህን በር ላይ አውልቀህ ባሳየኸኝ ነበር።»

ዘውገ ተመልሶ ጫማውን አወለቀ። አንደኛው ካልሲው ተቀዶ አውራ ጣቱ ይታይ ነበር። ኢክራም በዚህ ደስ ብሏት ሥራውን ተቀበለች።

የበረራ ቀን ሲሆን ሹፌር የሌለው ባጃጅ ማለዳ በሯ ላይ ቆሞ ይጠራታል። በሜዳው መግቢያ አንድ ማሽን ጉሮሮዋን ያያል፤ የከረከራት እንደሆነ ያውቃል፤ ለብ ያለ የማር ውሃ ይሰጣታል። ቀጥሎ መስታወት ቤት ትገባለች። ከመስታወቱ ውጪ ቀትር ነው፤ የኮምቦልቻ ፀሐይ አስፋልቱን ይጠብሳል፣ ሠራተኞቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው ቆሎ ይቆረጥማሉ። በጆሮዋ ላይ ባለው ነገር ውስጥ ግን ገና ጎህ ያልቀደደበት የሌላ አገር ሰማይ አለ። የምትናገረው ቃል ወደዚያ ሰማይ ከመውጣቱ በፊት ለአንድ ትንፋሽ ያህል ማሽን ጋ ያርፋል። «ራዳር» ብትል፣ «ሚሳይል» ብትል፣ «ደሴት» ብትል ማሽኑ መስመሩን ይቆርጠዋል።

«ስለ በግ ማውራትስ ይፈቀዳል?» ብላ ጠየቀች በመጀመሪያው ቀን።

«እንደፈለጉ።»

ስለ በግ አወራች። የጎረቤቷ በግ የሚኖረው እንደ ሁሉም በግ ፎቅ ላይ ነው፤ በየጊዜው ያመልጣል።

«ውብዬ፣ ተኛህ?»

«አልተኛሁም እማ።»

«ድምፅህ ተኝቷል። ያ በግ ዛሬም አመለጠ።»

«የት ሄደ ደግሞ?»

«ሊፍት ውስጥ ገባ። ሰው ሲወጣ አብሮ ይወጣል፣ ሰው ሲወርድ አብሮ ይወርዳል። ሲመላለስ አረፈደ። ካንተ የተሻለ አብራሪ ወጥቶታል።»

ውብአንተ ይስቃል። ሳቁ ሁለት ባሕር አልፎ፣ ቀጥኖ፣ እንደ ቆርቆሮ ሆኖ ይመጣል። እንዲህ ሲሉ ይደርሳል። አውሮፕላኑ መዞር ይጀምራል። ዘውገ ጣቱን ሲያነሳ ኢክራም ሁለት እጇን ትዘረጋለች።

«ሂደህ ተመለስ።»

«አሜን።»

«ክፉ አይይህ፤ ቢያይህም አያውቅህ።»

«አሜን።»

«እሾህ ብትረግጥ ይታጠፍ፣ ውሃ ብትሻገር ይጉደልልህ።»

«አሜን።»

አንድ ቀን ከሦስተኛው አሜን ኋላ ሌላ አሜን መጣ። ቀጭን ነው፤ ከጉድጓድ ውስጥ እንደተጣራ ሰው ነው። «አሚን» አለ። ሬዲዮው ሺሽ ብሎ ቆየ። ከዚያ የመስታወት ቤቱ መብራት አረንጓዴ ሆነ፣ ሰዎች እጅ ለእጅ ተጨባበጡ፣ ዘውገም «ምርቃትዎ ደርሷል እማማ» አላት።

ኢክራም በዚያ ቀን እንደ ሙሽራ ተሸኝታ ቤቷ ገባች። ያ ድምፅ ግን አብሯት ገባ። በቀጣዩ በረራም ሰማችው፤ ግን ያው ድምፅ አልነበረም፤ ወፍራም፣ ጉንፋን የያዘው ድምፅ ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ አፉ ውስጥ የሚያኝከው ነገር ያለ መሰለ። አንድ ጊዜ ሁለት ሰዎች እኩል አሉ፤ እኩል በማለታቸው አንደኛው ሳቅ ሊያመልጠው ነበር። አንድ ድምፅ አንድ ጊዜ ከተሰማ ተመልሶ አይሰማም። ሁልጊዜ አዲስ ነው።

«ማነው እሱ?» አለችው ዘውገን።

«የቱ?»

«ከልጄ ኋላ አሜን የሚለው።»

«የገደል ማሚቶ ነው እማማ። ድምፅ ከሳተላይት ሲመለስ እንዲያ ነው።»

«እኔ ገደል አውቃለሁ፤ ገደል ሥር ነው የተወለድኩት። ልጄ ‹አሜን› አለ፤ ማሚቶው ‹አሚን› ብሎ መለሰ። ገደል ሃይማኖት ይቀይራል?»

ዘውገ ጥርሱን ብቻ አሳያት። የማር ውሃ ጨመረላት።

ከዚያ ወዲያ የኢክራም ጆሮ ተበላሸ። ሰርግ ላይ ስትመርቅ አዳራሹ ሙሉ «አሜን» ይላል፤ እሷ ግን ከሁሉ ኋላ የሚመጣውን ትጠብቃለች። ቤቷ ውስጥ ብቻዋን ሆና እንኳ «አልሐምዱሊላህ፣ ያብላን ያጠጣን» ብላ ከማዕድ ስትነሳ፣ ግድግዳው ውስጥ አንድ ሰው የሚመልስላት ይመስላታል። ለማንም አልተናገረችም። አፍ ያለው ሰው ሁሉን አይናገርም፤ የሚናገረው ያልፈራውን ብቻ ነው።

ከዚያ የይማም መርዶ መጣ።

ይማም የጎረቤቷ የመዲና ልጅ ነው፤ ኮንትራት ወጥቶ ነበር። የቅሬው፣ ማለት የእድሩ፣ ጥሩንባ ዛሬ በየሰው ኪስ ውስጥ ነው የሚነፋው፤ ማለዳ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ኪሱ ሲያለቅስበት እየተነሳ መዲና ቤት ገባ። አስከሬን አልመጣም። የመጣው በጥቁር ሳጥን የታሸገ ወፍራም ካፖርት ነው፤ ለብርድ አገር የተሠራ፣ ውስጡ ጠጉር የሆነ። መዲና ያንን ካፖርት በዚያ ሙቀት ለብሳ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ላቡ ከግንባሯ እየወረደ አገጯ ላይ ይንጠባጠባል። አውልቂው የሚላት የለም።

ኢክራም አጠገቧ ተቀመጠች። መዲና ወደ እሷ ዞራ፣ እንባ በጨረሰ ሰው ድምፅ ትነግራት ጀመር።

«ሲደውል ይለኝ ነበር፣ ‹እማዬ፣ ብርዱ አጥንት ይበላል። ተራራ ላይ ማሽን እንጠብቃለን፤ ከነፋስ በቀር የሚናገር የለም። ግን በሬዲዮ የእኛ አገር እናት ይመጣሉ፤ ድምፃቸው ቀጥኖ ማን እንደሆኑ አይለይም። ስለ በግ ያወራሉ። ሊፍት ስለሚሳፈር በግ› ይለኝ ነበር። በሳቅ ይሞት ነበር።»

ኢክራም የካፖርቱን እጅጌ ጨበጠች።

«‹ሲመርቁ ሁላችንም ተነስተን ቆመን እንሰማለን። ሬዲዮውን አትንኩ ተብለናል፤ አሠሪዎቹ ክልክል ነው ብለዋል። ግን እማዬ፣ ምርቃት ሰምቶ ዝም ይባላል?› አለኝ። እኔም፣ እኔ እናቱ፣ ‹አይባልም ልጄ፣ ነውር ነው› አልኩት።»

ያኔ ኢክራም ሁሉን አወቀች። ሁለቱም ባለጸጎች ልጅ የተከራዩት ከአንድ ሰፈር ነበር። ኩባንያው መስመሩን ክፍት ያደረገው ሆን ብሎ ነው፤ የማር ውሃውን ያጠጣት የውብአንተን እንቅልፍ ለማባረር አልነበረም። አንዲት የሬዲዮ ቃል ከምሰሶው እንድትወጣ ነው። ድምፅ በል የሚበላውን ያቀረበችለት እሷ ናት፤ እጇን ዘርግታ፣ በሙሉ ልቧ፣ በዚያ በምትኮራበት አፏ። ይማም የትኛው ነበር? ጉንፋን የያዘው? ሳቅ ሊያመልጠው የነበረው?

«በይ እህቴ» አለች መዲና፣ «አንቺ አፍሽ ይደርሳል። ሶብሩን ይስጥሽ በዪኝ።»

ለቀስተኛው አሚን ሊል ጠበቀ። ኢክራም አፏን ከፈተች፤ ምላሷ እንደ ደረቀ ቆዳ ሆኖ ቀረ። መዲናን በካፖርቱ ላይ አቀፈቻት። ሰው «ሐዘኑ በረታባት» አለ።

ውብአንተ በዚያ ሳምንት ለእረፍት ቤት መጣ። ከስቷል። የሚተኛው ሬዲዮ እያንሿሿ ነው፤ ጸጥታ ከሆነ ይባንናል። የቀረበለትን ምሳ ወዲህና ወዲያ ሲያንከባልል አየችውና ሳታዞር ጠየቀችው።

«ሁለተኛውን አሜን ትሰማዋለህ?»

እጁ ቆመ። «ሁላችንም እንሰማዋለን እማ።»

«ምን እንደሆነም ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

«ይማም ሞተ። መዲና ቤት ካፖርት መጣ።»

«ሰምቻለሁ። ሄጄ መድረስ አልቻልኩም። በየት ዓይኔ ልያት?»

«ለኔስ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ትመርቂኝ ነበር?» አላት። ድምፁ አልጮኸም፤ ልክ እንደ ሬዲዮው ቀጥኖ ነው የወጣው። «እማ፣ አንድ ራዳር ነው የቀረው። አንድ ብቻ። እሱ ከጠፋ እለቀቃለሁ። ካልጠፋ እመላለሳለሁ፤ አንድ ቀን ባሕሩ ላይ እንቅልፍ ይወስደኝና ያበቃል። ከእኛ ሦስቱ እንዲያ ነው የሄዱት፤ ማንም አልመታቸውም። ተኝተው ነው የገቡት።»

«ስለዚህ?»

«አንድ ምርቃት እማ። የመጨረሻ።»

ኢክራም ተነሳች። ምሳውን አንስታ አሙቃ መለሰችለት።

በበረራው ቀን ባጃጁ ሲጠራት ወጣች። ለምን እንደወጣች እሷም አታውቅም፤ ብትቀር ሌላ አፍ ያመጣሉ ብላ ይሆናል፤ ልጇን ብቻውን ላለመስደድም ይሆናል። የማር ውሃውን አልጠጣችም። መስታወት ቤት ገብታ ተቀመጠች፤ መንገዱን ሁሉ ስለ በጉ ሳይሆን ስለ ልጅነቱ አወራችው፤ ምን ጊዜ እንደታመመ፣ ምን ጊዜ እንደዳነ፣ ጥርሱን የት እንደወረወሩት። ውብአንተ «እህ» እያለ ሰማት። በመጨረሻ «ደረስኩ እማ» አላት።

አውሮፕላኑ ዞረ። ከታች ጨለማ ነው። ኢክራም ያንን ጨለማ አታየውም፤ ግን አንድ ሰው ካፖርት ለብሶ ከመቀመጫው ብድግ ሲል፣ ጓደኛውን በክርኑ ጎሸም ሲያደርግ፣ እጁን ወደ ሬዲዮው ቁልፍ ሲያስጠጋ ይታያት ነበር። ምርቃት የሚጠብቅ ሰው እንዴት እንደሚቆም ታውቃለች። ዕድሜዋን ሙሉ ፊቷ ሲቆም አይታዋለች።

ዘውገ ጣቱን አነሳ። ኢክራም እጇን ከጭኗ ላይ አላነሳችም።

«እማማ፣ ይመርቁት።»

«ልጄ፣ አንተ ማዶ ያለኸው» አለች ኢክራም፣ «ያን ራዳርህን…»

ማሽኑ ቆረጠው። ሬዲዮው ድዳ ሆነ፤ ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ። ዘውገ እጁን የመስመር መቁረጫው ቁልፍ ላይ አሳረፈ።

«እንዲህ አይደለም» አላት። «ለማዶው አንዲት የማስጠንቀቂያ ቃል ቢናገሩ እኔ ራሴ እቆርጠዋለሁ። ነዳጁ እየሄደ ነው። ልጅዎን አያሳዝንዎትም?»

«እማ» አለ ውብአንተ ከሰማይ። «መርቂኝ።»

መምረቅ አትችልም። ማስጠንቀቅ አትችልም። ዝም ብትል ዘውገ ሌላ ሰው ያስመርቃል፤ በሩ ላይ አንዲት ጉሮሮዋን የምትጠርግ ሴት ተቀምጣ አይታለች። ኢክራም ኩታዋን ከራሷ አወለቀች። ጸጉሯን ፈታች። በወሎ አሮጊት ጸጉሯን ስትፈታ ምን እንደሚመጣ ያውቃሉ፤ ዘውገ ክራቫት ቢያስርም የዚያው ልጅ ነው፤ እጁን ከመቁረጫው ላይ እንደ ተቃጠለ ሰው ሰበሰበ።

«አንተ የምትሰማኝ» አለች። «አፍህ ይታሸግ። ምላስህ ከላንቃህ ይጣበቅ። ቃል የሚወጣበት ጉሮሮህ እንደ ደረቀ ምንጭ ይዘጋ። የምትጠራው አይስማህ፣ የሚጠራህም አያግኝህ። ድምፅህን ምድር ትዋጠው። ከእናትህ ቤት በቀር የምትናገርበት ቦታ አይኑርህ።»

ማሽኑ እርግማን አያውቅም፤ አሳለፈው። ቃሉ ሁለቱን ባሕር ተሻግሮ ወደ ጨለማው ወረደ።

አሜን ያለ የለም። ለእርግማን አሜን አይባልም። አሜን ማለትን እንደሚያውቁ ሁሉ ይህንንም ያውቃሉ።

ሬዲዮው ሺሽ አለ። በዚያ ሺሽታ ውስጥ አንድ ሰው እጁን ከቁልፉ ላይ ቀስ ብሎ ሲያነሳ፣ ሲቀመጥ፣ ‹ምን አደረግኳቸው?› ብሎ ጓደኛውን ሲያይ ለኢክራም ይታያት ነበር። ከዚያ የውብአንተ ድምፅ መጣ።

«እማ፣ እኔን ነው?»

ለመልስ የመጣላትን ቃል በኩታዋ ጫፍ አፈነችው። «አንተን አይደለም» ብትል ማዶ ያለው ይጽናናል፤ የተጽናና ሰው ይናገራል።

«ነዳጄ አልቋል፤ እየተመለስኩ ነው» አለ ልጁ። «እማ፣ ለመንገዴ አንዲት ቃል። ሂደህ ተመለስ እንኳ በዪኝ።»

ኢክራም ኩታዋን ነከሰች። ዘውገ ከመቀመጫዋ አስነሳት። እስከ በሩ ድረስ ልጁ ሲጠራት ይሰማ ነበር።

ውብአንተ በሰላም ገባ። ኩባንያው ኢክራምን ከሥራ አሰናበታት፤ የሜዳው በር ፊቷን ሲያይ አልከፈት አለ። ልጁ ቤት መጥቶ ደጃፍ ላይ ተቀመጠ፤ ወደ ውስጥ አልገባም።

«ረገምሽኝ» አላት።

«አንተን አልረገምኩም።»

«እርግማን አድራሻ የለውም እማ። ያን ሁሉ መንገድ ይዤው መጣሁ። እንቅልፍ እንኳ ፈርቶኝ አልመጣም።»

«እንኳን አልመጣ።»

«እንደገና እሄዳለሁ። ታውቂያለሽ አይደል?»

«አውቃለሁ።»

«እና?»

«ማዶ ያለውም እናት አለችው» አለች ኢክራም። «ካፖርቱን የምትለብስ።»

ተነስቶ ሄደ። ደህና ዋይም አላላት፤ እሷም አልጠበቀችም።

እንደገና በበረረ ቀን ኢክራም ከቤቷ አልወጣችም። በሯን ዘግታ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ከማለዳ ጀምሮ አፏን ያዘች። የጎረቤት ልጅ «እማማ ደህና አደሩ» ቢላት በእጇ መለሰች። መዲና በግድግዳው ማዶ ብትጠራት ዝም አለች። ሶላቷን በልቧ ሰገደች። ከእኔ የወጣ ቃል ከሌለ የሚመልስ የለም፤ ማንም ካልተናገረ ማንም አይሞትም፤ ልጄም ነዳጁን ጨርሶ ይመለሳል፤ ያኛውም ካፖርቱን ለብሶ ይውላል። እንዲህ እያለች፣ ቀትሩ ሲያልፍ፣ ፀሐይዋ ወደ ተራራው ስታዘነብል፣ በመንደሩ ውስጥ ያለ ድምፅ ሁሉ ሲሄድና ሲመጣ እሷ አንዲት ቃል ሳይወጣት ዋለች። ሲመሽ መንጋጋዋን አመማት። በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርታ አታውቅም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ውብአንተ ሻንጣውን ይዞ ገባ። ደጃፍ ላይ አልቆመም። ገብቶ፣ ተንበርክኮ ጉልበቷን ሳመ፤ ግንባሩን እዚያው ላይ ጥሎ ቆየ።

«አለቀ እማ» አለ። «ተለቀቅኩ። አልሄድም ከእንግዲህ።»

እጇን ጸጉሩ ላይ አደረገች። ደስታ መጣባት፤ እንደ ትኩስ ውሃ ደረቷ ላይ ፈሰሰ፤ ወዲያው ደግሞ ቆመ።

«እንዴት አለቀ?»

«መረቅሽኝ እኮ።»

«እኔ ከቤት አልወጣሁም።»

«ድምፅሽ ነበር» አለ፣ ግንባሩን ሳያነሳ። «መጀመሪያ በጉን አወራሽ። ሊፍቱን። ሳልኩ፤ ‹ምን ሆንክ› ብለሽ አላቋረጥሽም፤ ያኔ አንቺ እንዳልሆንሽ ገባኝ። ከዚያ ሂደህ ተመለስ አልሽ። እንደ ድሮው ነው ያልሽው፤ አንዲት ቃል አልጎደለም።»

መስታወት ቤቱ ታያት። ጉሮሮዋን ሲያይ የነበረው ማሽን፣ ለብ ያለው የማር ውሃ፣ ቃሏ ሁሉ ወደ ሰማይ ከመውጣቱ በፊት የሚያርፍበት ቦታ። እዚያ ያረፈ ሁሉ አልሄደም ነበር፤ ተቀድቶ ቀርቷል። እሷ እዚህ አፏን ይዛ ስትውል አፏ እዚያ ሲሠራ ውሏል።

«አሜን አልክ?» አለችው።

«እኔ አላልኩም። አውቄ አፌን ያዝኩ። እኔ ዝም ካልኩ እሱም ዝም ይላል ብዬ።»

«እሱስ?»

ውብአንተ ቀና አለ። ዓይኖቿን አላየም፤ የጫማውን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ፤ አንዱን ፈታ፤ ሁለተኛው አልፈታ አለው።

«በጣም ደስ ብሎት ነበር እማ» አለ። «‹አልሐምዱሊላህ፣ እማማ ታረቁኝ› አለ። ከዚያ አሚን አለ።»